የሚመልስላት ያጣች ሰስ

ውድ አባ አሥራተ ማርያም፣

ዓይንዎን ለመታከም ሰቆጣ ልጅዎ ቤት ከገቡ ይኸው ስድስት ዓመት ሆነዎ። ይህን የምታነብልዎ የልጅ ልጅዎ ፀጋ ናት። ፀጋዬ፣ አደራሽን፣ ከባዱ ቦታ ላይ ስትደርሺ እንዳትዘይው።

በላኩት ሰው ሁሉ «ሰሶቼ እንዴት ናቸው?» ይሉኛል። እኔም «ደኅና ናቸው፣ ወልደዋል» እያልኩ እልክልዎ ነበር። ውሸቴን ነው፣ አባ። ለኅዳር ሚካኤል እመጣለሁ ማለትዎን ስሰማ ጨነቀኝ። ዓይንዎ ባያይ ጆሮዎ ይሰማል። ከቤተ ክርስቲያኑ ሥር ካለው ገደል፣ ከቋጥኝ ቋጥኝ ከሚዘሉት ከእነዚያ ሚዳቋ መሳዮች፣ ጠዋት ጠዋት አንዱ ሰስ ሲያፏጭ ሌላው ሲመልስለት ሰምተው «እነዚህም ኪዳን አደረሱ» ይሉ ነበር።

የፍየል በሽታ የገባበትን ዓመት ያስታውሳሉ? ፍየሎቼ አፍንጫቸው እየፈሰሰ፣ አፋቸው ቆስሎ ሲረግፉብኝ እያለቀስኩ መጣሁ።

«የእግዜር ፍጥረት አይደሉ? አምጫቸው፣ ሰባት ቀን ጠበሉን ይጠጡ» አሉኝ።

እዚያው የቤተ ክርስቲያኑ ደን ውስጥ አሳደርኳቸው። ሰሶቹ ከሚጠጡበት ጠጡ፣ ሰሶቹ ከሚቀነጥቡት ቁጥቋጦ ቀነጠቡ። እርስዎ በሄዱ በወሩ ከገደሉ ሥር የሞቱ ሰሶች አገኘን። የእንስሳት ሐኪሙ ወንዳወቅ አይቶ «ከፍየል ነው የተጋባባቸው» አለኝ። የዋሸሁዎት ጥፋቱን በራስዎ ላይ እንዳይጥሉ ፈርቼ ነው። ግን እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።

ፍየሎቼማ ተከተቡ፣ ተባዙ፤ የቄሰ ገበዙን ነጠላ ሳይቀር ይቀረጥፋሉ። በሽታውም ከአገር ወጣ። የተረፉት ሰሶች ግን ዓመት በዓመት እያነሱ ሄዱ። ለምን አይበዙም ብዬ ወንዳወቅን ብጠይቀው «ሌላ ሰስ ከየት ይምጣላቸው? ዙሪያው እኮ እርሻ ነው» አለኝ። እንዲበረቱልኝ ብዬ ቋጥኙ ላይ ጨው ባኖር ፍየሎቹ ላሱት። ደኑን ባጥር አጥሩን ዘለሉት። ከዚያ ወዲያ የማደርገው ጠፋኝ።

ዘንድሮ የቀረችው አንዲት ናት። ጠዋት ቋጥኙ ላይ ወጥታ ታፏጫለች፣ ትጠብቃለች፣ ደግሞ ታፏጫለች። ባለፈው ሳምንት አንጀቴ አልችል ቢለኝ እኔው አፏጨሁላት። ዘወር ብላ አየችኝና ሸሸች።

ይምጡ፣ አባ። እጅዎን ይዤ ገደሉ አፋፍ አደርስዎታለሁ። ሌላው እስኪመልስላት ቆመው ሲጠብቁ ግን ምን እንደምልዎ አላውቅም።

የንስሐ ልጅዎ ዝናሽ፣
ከአምደወርቅ ማዶ