ከወደቡ እስከ አባዬ መቃብር

ይድረስ ለእናቴ፤ ባሕሩ ተሻግሮ ለሚናፍቀኝ ፊትሽ፤

እንዴት ሰነበትሽልኝ እማዬ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? የሰሜኑ ነፋስ ከተነሣ ወዲህ መስኮቱ እየተንኳኳ እንቅልፍ እንደሚነሳሽ ስለማውቅ፣ ለጎረቤትሽ ለካሊዮፒ ባል ንገሪውና ማጠፊያውን ያብጅልሽ። ዝም ብሎ ከሚቀመጥ ይሥራ። እኔ ደህና ነኝ። ደህና ብቻ ሳልሆን ደስታዬን የማስቀምጥበት አጥቼ ከትናንት ጀምሮ ቤቱን እየዞርኩት ነው። በስልክ እንዳልነግርሽ ግማሹን አትሰሚኝም፣ ግማሹን ደግሞ አንቺ ታወሪዋለሽ። ስለዚህ መነጽርሽን አድርጊና ቁጭ ብለሽ አንብቢው። ገጹን ገልብጠሽ መጨረሻውን እንዳታዪ፤ አውቅሻለሁ።

ፓንዴሊስን አየሁት። ልጅሽን አየሁት እማዬ።

መርከቡ ጠዋት ገባ። መርከብ ሲባል ደግሞ እንደኛዎቹ እንዳይመስልሽ፤ ሰፈር ነው የሚያህለው። እኔ የእሁድ ካፖርቴን ለብሼ፣ የአባዬን የመታሰቢያ ንፍሮ በስኳር ሸፍኜ፣ ሳህኑን በንጹሕ ፎጣ ጠቅልዬ፣ ለአጥንቱ ማጠቢያ የላክሽውን ወይን በብብቴ ይዤ ወደቡ በር ላይ ቆምኩ። ቱሪስቶቹ ደረታቸው ላይ የመርከቡን ምልክት ለጥፈው እንደ ጉንዳን ይፈሳሉ። ከሃያ ዓመት በላይ ያላየሁትን ሰው ከዚህ ሁሉ ውስጥ እንዴት እለየዋለሁ ብዬ አንገቴን ሳሰግግ፣ አንድ ቀጭን ሽማግሌ አጠገቤ መጥቶ፣ “እትዬ፣ ንፍሮው ለቱሪስትም ይታደላል?” አለኝ። ልቆጣው ዞር ስል ሳቁ ያው ነው። የሳቁን ድምፅ እኮ ምንም አልነካውም እማዬ።

ትንሽ ከስቷል። ኮቱ ከሌላ ሰው የተዋሰው ይመስላል። ስጠይቀው፣ “አውስትራሊያ ውስጥ ወፍራም የሚሆነው ድሃው ነው” ብሎ አሳቀኝ። ሚስቱ አልመጣችም፤ ቤቱን የሚጠብቅ ያስፈልጋል አለ። በአውሮፕላን ያልመጣው ከፍታ ስለማይስማማው ነው። መርከቡ ላይ ግን ጎበዝ ሐኪም አለ። መውጫው ድረስ ሸኝቶት፣ በስሙ ጠርቶት፣ “ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ ተመለስ፤ ካረፈድክ በሩ ይዘጋል፤ እኔም እቆጣሃለሁ” ብሎት ነው የተመለሰው። ልጅሽ የትም ቢሄድ ሰው ይወደዋል።

ታክሲ ልጠራ ስል እጄን ያዘኝ። “እኔ ከወደብ ወደ ከተማ አባዬ ሲነዳው በኖረው ባቡር ካልሄድኩ ምን ልሠራ መጣሁ?” አለኝ። እኔ ደግሞ ያስጨነቀኝ ሰዓቱ ነበር። አንቺ “ወንድ ልጁ ሳይቆም መቃብሩ እንዳይከፈት” ብለሽ አደራ ብለሽኛል፤ የመቃብር ቤቱ ሰዎች ደግሞ መቃብሩን የተከራየንበት ሦስት ዓመት ሞልቷልና አጥንቱ ይውጣ፣ ቦታው ለሌላ ሟች ይፈለጋል ብለው ቀን ቆርጠውልናል። የእኩለ ቀኑ ደወል ሲደወል ዘመድ ካልቆመ አጥንቱ ከማንም አጥንት ጋር የጋራ ጉድጓድ ይወርዳል። አባዬ ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር ተደባልቆ እንዴት ይሆናል? ቡና ቤት እንኳ የሚቀመጥበት ወንበር አንድ ነበር።

አንቺ የምትፈሪውም ሌላ ነገር እንደሆነ አውቃለሁ። ያ የአባዬ መሐላ። ፓንዴሊስ ከሱ ጎን ባቡር ሊነዳ ስሙ ተጽፎ፣ የደንብ ልብሱ ተሰፍቶ ሲያበቃ በዋዜማው በመርከብ ጠፍቶ ሲሄድ፣ አባዬ “አጥንቴ ተለቅሞ ሣጥን እስኪገባ ፊቴን እንዳያይ” ያለው። ፓንዴሊስ ቀብሩ ላይ ያልመጣው ለዚህ ነው፤ እሱም ግትር፣ እሱም ግትር። አንቺ ደግሞ እንዲህ ብሎ የሞተ ሰው ሥጋው አይፈርስም፣ ቂሙ ይይዘዋል ብለሽ ሦስት ዓመት ሙሉ እንቅልፍ አጣሽ።

እሺ፤ ተሳፈርን። ከመርከቡ እስከ ዋናው በር በወደቡ አውቶቡስ፣ ከበሩ እስከ ባቡር ጣቢያው በሌላ አውቶቡስ። ልጆች ሳለን ለአባዬ ምሳ ይዘን በሩጫ የምንጨርሰው መንገድ እኮ ነው። ጣቢያው ስንደርስ ቀና ብሎ ጣሪያውን አየ፣ ግድግዳውን በመዳፉ ነካው፣ ከዚያ የመጀመሪያው ፉርጎ ውስጥ፣ ከነጂው በር አጠገብ፣ ዱሮ ተደብቀን በምንቆምባት ቦታ ቆምን። ሁለት ቱሪስቶች፣ ባልና ሚስት፣ ደረቱ ላይ ያለውን የመርከብ ምልክት አይተው ተከተሉን። አስጎብኚ መስሏቸው ነው። ሴትየዋ ፈገግ ብላ ወደ ጥንቱ ፍርስራሽ ነው የምትሄዱት ብላ ጠየቀችው። “እኛ የምናየው ከዚያ ትንሽ አዲስ ነው” አላት። እኔ አፌን በፎጣው ያዝኩ።

ባቡሩ ሞስካቶ ጣቢያ ሲደርስ ቆመ። በሩ ተከፈተና አልዘጋ አለ። ከዚያ በድምፅ ማጉያ፣ ሠራተኞቹ እስከ ከሰዓት ድረስ ሥራ አቁመዋል፣ ሁላችሁም ውረዱ ተባለ። አንዲት ዘንቢል የያዘች ሴት፣ “ዛሬ ደግሞ ማን ተቆጥቶ ነው?” አለች። አንድ ሽማግሌ፣ “እኔም ተቆጥቻለሁ፣ ግን እኔ ስቆጣ ከሚስቴ በቀር የሚያቆም የለም” አላት። ሰው እየሳቀና እየተራገመ ወረደ። እኔ ግን ንፍሮውን ለፓንዴሊስ ሰጥቼ የነጂውን መስኮት ደበደብኩ።

መስኮቱን የከፈተው ሶቲሪስ ነው፤ አባዬ ያሠለጠነው፣ ጢሙን እየላሰ የሚያወራው። አሁን ጢሙ ነጭ ሆኗል። “የጋሽ ያኩሚስ ልጅ ነኝ” አልኩት። “ዛሬ አጥንቱ ይወጣል፤ ወንድሜ ከዓለም ጫፍ መጥቷል፤ በአባቴ ሞት፣ ከተማው ድረስ ብቻ አድርሰን።”

ባርኔጣውን አወለቀና አማተበ። ከዚያ ምን አለኝ መሰለሽ? “እህቴ፣ ለሚኒስትር ብትለምኚኝ ምናልባት እነዳው ነበር። ለጋሽ ያኩሚስ አጥንት ብዬ አድማ ከሰበርኩ ግን፣ አጥንቱ ራሱ ተነሥቶ በጥፊ ይለኛል።” ፓንዴሊስ ከኋላዬ ሆኖ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። “እውነቱን ነው” አለኝ። “አንቺ ደግሞ አድማ የሚያሰብር ስም አጥተሽ የአባዬን ጠራሽ?” ተናድጄ ነበር እማዬ፣ ግን እውነታቸውን ነው። አንቺ ልትወልጂኝ ምጥ ላይ ሳለሽ እንኳ አድማ ላይ የነበረ ሰው ነው።

ሶቲሪስ ባቡሩን ቆልፎ ወረደ። “ከአሁን ወዲያ ሥራ ላይ አይደለሁም፤ እግሬ የራሴ ነው” ብሎ የወይኑን ጠርሙስ ተቀበለኝ። ደረጃውን ስንወርድ ፓንዴሊስን በብብቱ ደገፈው። እኔ ልሮጥ ስል፣ “የሞተው አይቸኩልም። ሰውዬውን አታሯሩጪው” አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። አውራ ጎዳናው ላይ ወደ ከተማ የሚሄደው አውቶቡስ እስከ በሩ ሞልቶ ሊያልፈን ሲል፣ ሶቲሪስ በደንብ ልብሱ መንገዱ መሀል ገብቶ ቆመ። የአውቶቡሱ ነጂ አንገቱን አውጥቶ፣ “የራሳችሁን አቁማችሁ ደግሞ የኔን ልታቆሙ?” ብሎ ጮኸበት። ሶቲሪስ፣ “የሬሳ ሰዎች ናቸው፤ ጫናቸውና ስደበኝ” አለው። ነጂው ንፍሮውን ሲያይ አፉን ዘጋ፣ በሩን ከፈተ። ሶቲሪስ ጠርሙሱን ለፓንዴሊስ ሰጥቶ እዚያው ቀረ።

ውስጡ መላወሻ አልነበረም። ሳህኑን ከራሴ በላይ ይዤ ነው የሄድኩት፣ ሰው እያማተበ ያሳልፈኛል። አንዲት ልጅ እግር ተነሥታ ለፓንዴሊስ ቦታ ለቀቀችለት። ትዝ ይልሽ የለ፣ ሲታመም እንኳ አልጋ የሚጠላው? እሺ ብሎ ተቀመጠ። አመሰገናት ደግሞ። ሰው በስደት ትሕትና ይማራል አልኩ በልቤ። እስከ አውቶቡሱ የተከተሉን ቱሪስቶች የጥንቱ ዓምዶች ያሉበት ኮረብታ ሲታይ ወረዱና እጃቸውን አውለበለቡልን።

መቃብሩ በር ስንደርስ ደወሉ ጀመረ። ፓንዴሊስ መሮጥ አልቻለም፤ አስፋልቱ ዳገት ነው። እኔ ሳህኑን እንደያዝኩ ሮጥኩ፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ በዚህ ጫማ። ቆፋሪዎቹ ዶማቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ሊሄዱ ነው። አጥንት አጣቢዋ ማሪጎ ግን ጉድጓዱ አፍ ላይ ቁጭ ብላለች። “ይኸው መጡ አላልኳችሁም?” አለቻቸው። አንደኛው “ደወሉ አበቃ” ሲላት፣ “ለኔ አሁንም ይሰማኛል፤ ጆሮህን አስመርምር” አለችው። እንዲህ ተብሎ ነው የተጠበቅነው። ፓንዴሊስ ሲደርስ ፊቱ ወረቀት መስሎ፣ የጎረቤቱ መቃብር ድንጋይ ላይ ዘፍ አለ። “ይቅርታ ጌታዬ፣ ለአፍታ ነው” አለው ከታች ለተቀበረው ሰውዬ። ማሪጎ እንኳ ሳቀች።

ከዚያ ቆፈሩ። እማዬ፣ እንዳንቺ ፈርቼ ነበር፤ አልነገርኩሽም እንጂ። ሳንቃው ተነሣ። ማሪጎ ጎንበስ ብላ ሁለት እጇን ከተተችና ቀስ አድርጋ ራስ ቅሉን አወጣች። አየችው፣ ወደ ብርሃኑ አዞረችው፣ “እንደ ሰም ቢጫ ነው። ንጹሕ ነው። ይህ ሰው በማንም ላይ ቂም አልያዘም” አለች። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ተኚ እናቴ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተኚ።

ወይኑን እኔ አፈሰስኩ፤ ያጠበው ፓንዴሊስ ነው። ማሪጎ ልታግዘው ስትል አልፈቀደላትም። የግንባሩን፣ የክንዱን፣ የእጁን ጣቶች ሳይቀር፣ አንድ በአንድ፣ ሕፃን እንደሚያጥብ። እንባ አላየሁበትም። ራስ ቅሉን ፊት ለፊቱ ይዞ፣ “አባዬ፣ እንዳልከው ጠበቅሁ” አለው። እኔ ግን ለሦስታችን የሚበቃ አለቀስኩ፤ የደስታ ነው።

ሣጥን የሚሸጠው ሰውዬ በሩ ላይ ነው። እኔ ለአንድ ሰው የምትሆነውን፣ ጥሩዋን የወይራ እንጨት አንሥቼ ነበር። ፓንዴሊስ ሰፊውን አለ። “ይሄ እኮ ለባልና ሚስት የሚሠራ ነው፤ አባዬ ይጠፋበታል” አልኩት። “አባዬ መንፈራገጥ ይወዳል” አለኝ። አንቺ ከእናትሽ ጎን የመቃብር ቦታ እንዳለሽ ነገርኩት፤ አውቃለሁ አለ። አጥንቱን ሁሉ ወደ አንድ ወገን አስጠግቶ በነጭ ጨርቅ ሸፈነ። ከዚያ የክርስትና መስቀሉን ከአንገቱ አውልቆ በባዶው በኩል አስቀመጠው። “መስቀል የሌለው ሰው በመርከብ ይሄዳል እንዴ?” ብዬ ተቆጣሁት። “ኋላ እዚያው አገኘዋለሁ” አለኝ።

ስንመለስ አድማው አብቅቶ ባቡሩ ይሠራ ነበር። ጎን ለጎን ተቀመጥን። የጣቢያዎቹን ስም ድምፅ ማጉያው ሳይቀድመው እየጠራ ሄደ፤ አንዱንም አልረሳ። ካሊቴያ ሲል ትከሻዬ ላይ ተኛ። ቀላል ነው ራሱ። ወደቡ ድረስ አልነቃም፤ እኔም አልቀሰቀስኩትም፤ እጄ ደንዝዞ ነበር፣ ግን እንዲህ ያለ ደስታ ከየት አገኛለሁ? ሐኪሙ መርከቡ ደረጃ ላይ ቆሞ ይጠብቀው ነበር። ፓንዴሊስ ሳመኝና፣ “ለእማዬ አባዬ ታርቆኛል በያት። ሌላውን እሷ ታውቃለች” አለኝ። ሌላው ምን እንደሆነ ሳልጠይቀው ወጣ። ከላይ ሆኖ እጁን ሲያወዛውዝ መርከቡ እስኪዞር ቆሜ አየሁት።

ሣጥኑን በመጪው ሳምንት ራሴ ይዤ እመጣለሁ። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ባለችው የአጥንት ክፍል ሰፋ ያለ መደርደሪያ እንዲያስለቅቁልን ቄሱን ንገሪያቸው። ደግሞ ሣጥኑን ስታዪ እንዳትቆጪ፦ የአባዬ ስም መሀል ላይ አይደለም፤ ወደ ግራ ተጠግቶ ነው የተጻፈው፣ በቀኙ በኩል ባዶ ነው። ሠራተኛው ያበላሸው መስሎኝ ልጣላው ነበር። እንደዚያ ጻፍ ያለው ፓንዴሊስ ነው።

የባሕሩ ጌታ ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ ዓይንሽን ይጠብቅልሽ፣ እንቅልፍሽን ይመልስልሽ። እኔ እስክደርስ ድረስ ምንም ነገር እንዳታስቢ። እሁድ ቄሱ የሕያዋንና የሙታን ስም ሲያነሡ ግን፣ የፓንዴሊስን ስም ከሕያዋን ጋር እንዲጠሩልሽ ጮክ ብለሽ ንገሪያቸው፤ ጆሯቸው እንደሆነ እንዳንቺው ነው።

እጅሽን የምትስም
ሴት ልጅሽ