ሯጭ ነኝ ያልኩ ሰሞን

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 8 ቀን 1970

ዛሬም ዳውንታውን የሰው መኪና ፓርክ ሳደርግ ዋልኩ። በፖለቲካል ሳይንስ መመረቄ በተለይ ካዲላክ ወደ ኋላ ሲነዳ እጅግ ይረዳል።

አብሮኝ የሚሠራው ሬይመንድ ናቫሆ ነው፤ ፈረንጅ «ሕንድ» ከሚላቸው ከአገሩ ባለቤቶች ወገን። ሃምሳ ዓመት አልፎታል። የመኪና ማቆሚያው አምስተኛ ፎቅ ላይ ያለች መኪና ለማምጣት ሊፍት አይጠብቅም... ሮጦ ይወጣል። እኔ በሊፍት፣ እሱ በእግሩ፣ እሱ ይቀድመኛል።

ቅዳሜ ቅዳሜ ጋርዴና መናፈሻ ውስጥ የወገኖቹን ልጆች ሩጫ ያለማምዳል። «ቲቪ ላይ የሚያዩት ሕንድ ተተኩሶበት ከፈረስ የሚወድቀውን ብቻ ነው» አለኝ። «የሚሮጥ ሰው ይዩ። አንተ ኢትዮጵያዊ ነህ፤ መጥተህ አናግራቸው። ትሮጣለህ አይደል?»

ምን ልበል? ትልቅ ሰው ለምኖኝ? ይሉኝታ ያዘኝና «ትንሽ ትንሽ» አልኩ። ስድስት ኪሎ ፖሊስ ሲያባርረን ካልሆነ በቀር ሮጬ አላውቅም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 12

ሄድኩ። ሯጭ ለመምሰል አብሮኝ የሚኖረውን የሸዋንግዛውን ቁምጣ ለበስኩ። «ስማ፣ በዚህ እግር ሕዝብ ታሰድባለህ» ብሎ ሸኘኝ።

አሥራ አንድ ልጆች። አፋቸውን ከፍተው ያዳምጣሉ። አፌ ደግሞ አንዴ ከጀመረ... «በኛ አገር ፖስተኛው ይሮጣል፣ ሙሽራው ይሮጣል፣ ቄሱም ቅዳሴ ሲረፍድባቸው ይሮጣሉ!» የሬይመንድ የእህት ልጅ ሎሬይን፣ አሥራ ስድስት ዓመቷ፣ ከሁሉም ፈጣኗ፣ «ስንት ሜዳሊያ አለህ?» አለችኝ። «ሦስት።» ለምን ሦስት? እግዜር ይወቅ።

ሬይመንድ ዳር ቆሞ ውሃ እየቀዳላቸው ፈገግ ይላል። «አንተስ?» ያለው የለም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 17

ምሳ ሰዓት ላይ ከኪስ ቦርሳው የቆየች የጋዜጣ ቁራጭ አወጣ። ቀጭን ወጣት፣ ደረቱ ላይ ሃያ ሰባት ቁጥር፣ ከኋላው ሜዳው ባዶ። ከአርባ ሯጭ አንደኛ ይላል።

«ማን ነው?»

«እኔ።»

«ለልጆቹ ለምን አላሳየሃቸውም?»

«አልጠየቁኝማ። ስለ ራሱ የሚያወራ ሰው ደስ አይልም። ደግሞስ አንተ አለህላቸው... ባለ ሦስት ሜዳሊያ።»

ያውቃል? እየቀለደብኝ ነው? እሱ ቦታ ላይ እኔ ቁምጣ ለብሼ ቆሜያለሁ። ቅዳሜ እውነቱን እናገራለሁ። ቁራጯንም ራሴ አሳያቸዋለሁ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 18

ሬይመንድ ሞተ። አራተኛ ፎቅ ላይ፣ እየሮጠ። ልቡ ነው አሉ።

ሊፍቱ ሲከፈት... መጀመሪያ የደረስኩት እኔ።

እሑድ፣ ጥቅምት 20

ከሸዋንግዛው ጋር ለቅሶ ሄድን። በወጉ ጥቁር ለብሰን፣ ፌርፋክስ ሰፈር ካለው የአይሁዶች ዳቦ ቤት ትልቅ ዳቦ ይዘን። ደጃፉ ላይ ስደርስ እንደ አገሬ ድምፄን ለቀቅሁ። «ወንድሜን! ሬይመንድ! አንበሳው ሬይመንድ!» ደረቴን መታሁ።

ቤት ያሉት ሁሉ ዞረው አዩኝ። አንገታቸውን ደፉ። አንዲት ሴት ልጇን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች። ሸዋንግዛው እጄን ያዘኝ፤ «ዝም በል አንተ፣ ብቻህን እኮ ነው የምትጮኸው።»

ሎሬይን ወደ ደጅ አወጣችኝ። «በኛ ቤት የሞተ ሰው ስም አይጠራም። እንዲሄድ እንለቀዋለን።» አልተቆጣችም። እሱ ነው የባሰብኝ። ስሙን ሳልጠራ እንዴት ነው የማለቅስለት?

«ቦርሳውስ?» አልኩ።

«ዕቃው አብሮት ይቀበራል።»

ቁራጯም ሄደች ማለት ነው። እንግዲህ ልጆቹ በምን ይወቁት? ስም የለ፣ ወረቀት የለ። ያየሁት እኔ ውሸታሙ ብቻ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 26

ወደ ጋርዴና አውቶቡስ ተሳፈርኩ። መንገድ ላይ ወርጄ ተመለስኩ። ፈሪ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 3

ዛሬ ደረስኩ። ከአሥራ አንዱ ልጆች ዘጠኙ መጥተዋል። ሎሬይን የሩጫ ሰዓት ዘረጋችልኝ፤ «ኦኬ፣ ሯጩ አንተ ነህ፤ አሁን አንተ ያዝልን።»

«ሦስት ሜዳሊያ አለኝ ብያችሁ ነበር። ውሸት ነው። አንድም የለኝ። ሮጬም አላውቅ።»

አንዱ ቀልድ መስሎት ሳቀ። ብቻውን።

«ታዲያ እውነተኛ ሯጭ አይተን አናውቅም ማለት ነው?» አለ ትንሹ።

«አይታችኋል። በየቅዳሜው ውሃ ሲቀዳላችሁ የነበረው።» ስሙ ምላሴ ጫፍ ደረሰ፤ ዋጥኩት። ቁራጯን በቃሌ አነበብኩላቸው፤ ሃያ ሰባት ቁጥሩን፣ አርባውን ሯጭ፣ ከኋላው ያለውን ባዶ ሜዳ።

«እሱ? ሲያሮጠን እንጂ ሲሮጥ አላየነውም እኮ።»

«አልጠየቃችሁትም። እኔም አልጠየቅሁት።»

ሎሬይንን አየኋት። እሷም አታውቅም ነበር፤ የገዛ አጎቷን። ሄዳ መነሻው መስመር ላይ ቆመች። ልጆቹ ሳትጠራቸው ተከተሏት። ሰዓቱን ተጫንኩ።

መጀመሪያ የገባችው እሷ ናት፤ ከኋላዋ ማንም አልነበረም። «በስንት ገባሁ?» አለች እያለከለከች፣ ፊቷ ርሶ።

እጄን አየሁ።

«አላቆምኩትም...»

«ተወው» አለች።

ከሰዓቱ ጋር ቤት ገባሁ። ይኸው ጠረጴዛዬ ላይ ነው። አሁንም ይቆጥራል።