ጠበሉን የጠጣችው እናቴ ናት

ውድ ቃልአብ፣

የላክህልኝን መልእክቶች ሁሉ አንብቤያለሁ። ዝም ያልኩህ ስላልደረሱኝ አይደለም፤ ስልክ ላይ ብመልስልህ ከስድብ ሌላ ስለማይወጣኝ ነው። በመጨረሻው ላይ «ኮሜዲ እኮ ነው፣ ስላቅ ነው፣ ለምን እንዲህ ታከብደዋለህ?» ብለሃል። እንግዲህ ቁጭ በልና አንብበው። ለምን እንደከበደኝ ልንገርህ።

ፊልምህ የተመረቀ ዕለት አምስተርዳም ድረስ የመጣሁት ደስ ብሎኝ ነበር። ቤት ለቤት የምረዳቸውን ሽማግሌዎቼን ለባልደረባዬ አስረክቤ፣ ሸሚዝ ተኩሼ፣ በባቡሩ መስታወት ፀጉሬን እያየሁ ነው የመጣሁት። «እኛን የሚመስሉ ሁለት ልጆች የሚዋደዱበት፣ ሰው በሳቅ የሚሞትበት ፊልም» ብለኸኝ ነበር። ከዚህ በላይ አልነገርከኝም። እኔም አልጠየቅኩህም። ከተለያየን ሁለት ዓመት ቢሆነንም አምንህ ነበራ።

ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጥኩ። መብራት ጠፋ። ሐምራዊ ሻርፕ ያደረገች አንዲት አበሻ ሴትዮ በቢጫ ብስክሌት በገበያ መሃል መጣች። ሰንሰለቱ ወለቀባት። ወርዳ ብስክሌቷን በእርግጫ መታ አደረገችና በተሰባበረ ደች «በቅሎዬ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ነካሽ?» አለች። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። እኔም ሳቅኩ። አፌን ሳልዘጋ ክው አልኩ።

ቢጫ ብስክሌቷን «በቅሎዬ» የምትል ሴት እኔም አንተም አንዲት ብቻ ነው የምናውቀው፤ እናቴን። ሰፈራችን ዴልፍስሃቨን ያለ አበሻ ሁሉ ያውቃታል። የአረጋውያን ቤት ስታጸዳ ውላ በዚያች ብስክሌት ወደ ቤቷ ስትመለስ መንገድ ላይ «የትነበርሽ፣ በቅሎሽ ደህና ናት?» የማይላት የለም። አንተም ከኋላዋ ተፈናጠህ ስንት ጊዜ ሄደሃል! ስደተኛ ጣቢያ እያለን እናትህ ስትሞት የአስር ዓመት ልጅ ነበርክ። ልብስህን ያጠበችው፣ ጥፍርህን የቆረጠችው፣ ትምህርት ቤት የሸኘችህ እሷ ናት። ለእኛ ሮተርዳም፣ ለእናንተ አምስተርዳም ቤት ሲሰጠን እያለቀሰች «በየዕረፍቱ ይምጣ» ብላ አባትህን የለመነችልህ እሷ ናት። «እማ» ነበር የምትላት።

ከዚያ የባልዲው ትዕይንት መጣ።

እኔ እንደገና ላስታውስህ፤ አንተ ረስተኸው ከሆነ። የዛሬ አራት ዓመት፣ በሁዳዴ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት የሥራ ልብሷን እየተኮሰች ሳለ «እማ፣ እኔ ሚስት አላገባም። የምወደው ወንድ ነው» አልኳት። ካውያውን ነቀለች። ካፖርቷን ለብሳ ወጣች። ከሁለት ሰዓት በላይ አልተመለሰችም። በመስኮት ሳይ አሮጌው ወደብ ዳር፣ ከታሰሩት ጀልባዎች አጠገብ፣ ዝናብ ላይ ቆማለች። ስትመለስ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ፣ «ካንተ ሌላ ማን ያውቃል?» አለችኝ።

«ቃልአብ።»

ትክ ብላ አየችኝ። «እሱ ነው?»

ራሴን ነቀነቅኩ።

«አባቱ ያውቃሉ?»

«አያውቁም።»

«እንግዲያው ይሄ ነገር ከዚህ ቤት አይወጣም» አለች።

ገባህ? የገዛ ልጇ ነገር ገና ሳይዋጥላት መጀመሪያ የጨነቃት ያንተ ነገር ነው።

ለሦስት ሳምንት ምግብ ታቀርብልኛለች እንጂ ዓይኔን አታይም። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በሃይላንድ ጠበል ይዛ መጣች። በብርጭቆ ቀዳችና ፊቴ አስቀመጠችው። «ትጠጣለህ?» አለችኝ። «አልታመምኩም እማ» አልኳት። ብርጭቆውን ብዙ አየችው። «እንግዲያው የታመምኩት እኔ ነኛ» አለችና ራሷ ጠጣችው። ከዚያ ቀን ወዲህ ጠበል አንስታብኝ አታውቅም። ይህን የነገርኩት ላንተ ብቻ ነው። ደረትህ ላይ ተደፍቼ እየተንሰቀሰቅኩ ነው የነገርኩህ። አብረኸኝ አለቀስክ።

አንተ ግን ያን ብርጭቆ ባልዲ አደረግኸው። ሴትዮዋ ባልዲ ተሸክማ ልጇንና ወዳጁን ሳሎን ለሳሎን ታሳድዳለች፣ የልደት ኬክ ላይ ትደፋለች፣ ጎረቤቱን ትነክራለች፣ በመጨረሻም አዳልጧት እግሯን ወደ ላይ ሰቅላ ትወድቃለች። ከጎኔ የተቀመጠው ሰውዬ ጉልበቱን እየመታ ነበር የሚስቀው። እንባውን ጠርጎ ወደ እኔ ዞረና ፈገግ አለ። እኔም ፈገግ አልኩለት። ይህንንም ይቅር አልልህም፤ በእናቴ ውድቀት ላይ ፈገግ አሰኘኸኝ።

ዘጠናኛው ደቂቃ ላይ ደግሞ ያቺው ሴትዮ ጀልባ ላይ ቆማ፣ ባለ ብዙ ቀለም ሻርፕ እያውለበለበች እስክስታ ትወርዳለች። አለቀ፣ ተቀበለችው። የእኔ እናት አልጨፈረችም ቃልአብ። ባለፈው ወር ግን ጀርባዋን ሰጥታኝ ሳህን እያጠበች «ነገ ከዚህ ቤት ስትወጣ የሚያበስልልህ ሰው አለ?» ብላ ጠየቀችኝ። መልሴን ሳትሰማ ቆሻሻውን ይዛ ወጣች። ይህችን ጥያቄ ለመጠየቅ አራት ዓመት ፈጅቶባታል። ፊልምህ ውስጥ እንዲህ ላለው ነገር ቦታ የለም። አያስቅማ።

ይሄ ሁሉ ሆኖም ዝም እል ነበር። መብራት ከበራ በኋላ አወያይዋ ማይክራፎኑን ሰጥታህ «ይሄ የራስህ ታሪክ ነው?» ስትልህ ምን አልክ? «ኔ ሆር!» አልክ፤ እንዴት ተደርጎ በሚል ሳቅ። «የጓደኛዬ ታሪክ ነው። ሮተርዳም ነው የሚኖረው። እናቱ እንደዚህችው ናት።» ዓይንህ እኔ ላይ አረፈና ቶሎ አነሳኸው።

ፊልምህ ላይ ልጁ ድልድይ ላይ ወጥቶ ማንነቱን ለከተማው ሁሉ ይጮኻል። አንተ ሃያ ሰባት ዓመትህ ነው፤ አምስተርዳም፣ ስሎተርቫርት ከአባትህ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ትኖራለህ፤ አንዲት ቃል አልተነፈስክላቸውም። በዚህ ፈርጄብህ አላውቅም። የተለያየነውም በዚህ ነው፤ ያኔም አልፈረድኩብህም። አሁን ግን እፈርዳለሁ፤ ራስህን ደብቀህ እኛን ስላወጣኸን። ፊልሙ ውስጥ አባት የለም። «ሞቷል» ተብሎ በአንዲት ዐረፍተ ነገር ታልፏል። በሕይወት ያሉትን አባትህን ቀብረህ እናቴን አደባባይ አሰጣሃት።

ያቺ የመድረክ ንግግርህ ተቆርጣ ቲክቶክ ላይ ወጣች፤ ከብስክሌቷ ትዕይንት ጋር ተሰፍታ። በሳምንቱ እናቴ ቤተ ክርስቲያን ስትደርስ ሴቶቹ በር ላይ ቆመው ነበር። አንዷ «በቅሎሽን የት አሰርሻት?» አለቻት፤ ሌሎቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። ዘጠኝ ዓመት የማኅበሩን ወጥ ቤት አብራት የመራችው ወይዘሮ ውድነሽ ደግሞ ለብቻዋ ጠርታ «ወሬው እስኪበርድ ለጊዜው ከወጥ ቤቱ ብታርፊ» አለቻት። እናቴ ቤት መጥታ ነጠላዋን እንደለበሰች አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ሊባ፣ ምንድን ነው የሚሉት?»

ሁሉንም ነገርኳት። አላለቀሰችም። በማግስቱ ብስክሌቷን ምድር ቤት አስገብታ ቆለፈችባት። አሁን ሥራ የምትሄደው በትራም ነው።

«ልየው» አለችኝ፤ ፊልሙን። አይሆንም ብላት እምቢ አለች። የሚያውቀን ሰው እንዳይገጥመን ዘ ሄግ ወሰድኳት፤ ማክሰኞ ፈቃድ ወስጄ፣ የቀኑን ሰዓት መርጠን። አዳራሹ ውስጥ አሥር ሰው አንሞላም። መጀመሪያ ላይ፣ ልጆቹ ትራም ውስጥ ሲተዋወቁ፣ ሳቀች። «ቃልአብ ጎበዝ ነው፣ አየህ እንዴት እንዳደረገው?» ብላ ጆሮዬ ላይ አንሾካሾከች። እንዲህ ነው ያለችው፣ ያንተ እማ። ባልዲው ሲመጣ ግን ቀጥ ብላ ተቀመጠች። ሰዎቹ ሲስቁ ከመቀመጫዋ ተነሳችና ጮክ ብላ በደች፣ «ዳት ኢስ ኒት ዋር!» አለች። ውሸት ነው። አንድ ሰው «ሽሽ!» አላት። «እኔ ነኝ፣ ውሸት ነው» ብላ ደገመችው። ከዚያ ቁጭ ብላ እስከ መጨረሻው አየችው።

ስንወጣ ወደ ባቡር ጣቢያ እንሂድ ብላት ባሕሩን ማየት ፈለገች። በትራም ስኬቨኒንገን ሄደን ነፋሱ ላይ ተቀመጥን። «እንደዚያ ነኝ እንዴ?» አለችኝ።

«አይደለሽም እማ።»

«እሱ ግን እንደዚያ ነው የሚያየኝ?»

አንተ መልስላት።

አሁን ለምን ዛሬ እንደጻፍኩልህ ልንገርህ። ከሁለት እሑድ በፊት አባትህ ቤታችን መጥተው ነበር። እንዳልነገሩህ እገምታለሁ። ብርቱካን በፌስታል ይዘው፣ አራተኛ ፎቅ ድረስ በደረጃ ወጥተው፣ እያለከለኩ ነው የገቡት። ከጉባኤያቸው ፕሮግራም ሲወጡ ምሳ እንኳ ሳይበሉ ነበር ባቡር የተሳፈሩት።

«እህቴ የትነበርሽ» አሉ፤ «ስለ ልጅሽ ሰምተን እየጸለይንለት ነው። ቃልአብም ይህን ፊልም የሠራው አዝኖለት ነው። እኛን ጌታ ጠብቆን እንዲህ ያለ ነገር ቤታችን አልገባም። ያልገባበት ሰው ደግሞ የሌላውን ሸክም መሸከም አለበት ብዬ ነው የመጣሁት።»

የአልጋዬን ትራስ የምታውቀው አንተ፣ ለእኔ አዝነህ! «አቶ ብዙነህ፣ አንድ ነገር ልንገርዎ» ብዬ ጀመርኩ። ከንፈሬ ላይ ደርሶ ነበር።

«ሊባ፣ ለአቶ ብዙነህ ውሃ አምጣላቸው» አለች እናቴ።

አልተንቀሳቀስኩም።

«ተነስ ልጄ» አለችኝ፤ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ።

ተነሳሁ። ቧንቧውን ከፍቼ ቆሜ ስሰማ እንዲህ ስትላቸው ነበር፤ «ልጅዎ የእኔም ልጅ ነው፣ አቶ ብዙነህ። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሆደ ቡቡ ነው። እግዚአብሔር ይጠብቅልዎ።»

አባትህ ጸልየው፣ ጉልበቷን ስመው ሊነሱ ሲሉ ከልክላቸው፣ ሄዱ። በሩ እንደተዘጋ ጮህኩባት። እናቴ ላይ ጮኼ አላውቅም ነበር።

«ለምን አልነገርሻቸውም? ልጃቸው አዋርዶሽ እኮ ነው!»

«አዋርዶኛል» አለች። ብርቱካኑን አንድ በአንድ ከፌስታሉ እያወጣች ነበር። «መሳቂያ ማድረጉንስ እችለዋለሁ። የአንተን ነገር አንተ ሳትናገረው ሰው ሁሉ ማወቁ ነው አንጀቴን የቆረጠው። ሰውየው ምን አጠፉ? እኔን ያቃጠለኝን ነገር አንስቼ እሳቸው ላይ ልድፋው?»

ሳምንት ሙሉ ተናደድኩባት። ባለፈው እሑድ ማንም ሳይጠራት ቤተ ክርስቲያን ወጥ ቤት ገብታ፣ ሽርጥ አስራ ሽንኩርት መክተፍ ጀመረች። «ማን ጠራሽ?» አለቻት ወይዘሮ ውድነሽ። «ሽንኩርቱ» አለቻት። ሁለት ሴቶች ጥለው ወጡ። ውድነሽ ግን ቀረች። «ልጅሽ እውነት እንደሚሉት ነው?» አለቻት።

«ልጄ ነው» አለቻት እናቴ። ውድነሽም ሌላ ቢላ አንስታ አጠገቧ ቆመች።

ከአንተ የምፈልገው ጥቂት ነው። ፊልሙን አንሳው አልልህም፤ ወጥቷል፣ አይመለስም። ለአባትህ ንገርም አልልህም። መቼ እንደምትነግር፣ ጭራሽ ትነግራቸው እንደሆነም፣ የአንተ ጉዳይ ነው፤ እኔንም ያንን መብት ነበር የነጠቅከኝ። ግን ከዛሬ ጀምሮ ማይክራፎን ሲሰጥህ «የጓደኛዬ ታሪክ» እንዳትል። ወይ «የእኔም ነው» በል፣ ወይ ዝም በል። ሁለተኛ፣ እናቴ ፊት ቀርበህ፣ ያን ብርጭቆ ባልዲ ያደረግኸው ለምን እንደሆነ በራስህ አፍ ንገራት። በዋትስአፕ አይሆንም። አበባም አትያዝ። ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት ቤት ናት። እኔ በእነዚያ ቀኖች ሥራ ነኝ፤ ያን ሆን ብዬ ነው የመረጥኩልህ፤ ፊትህን ማየት አልችልምና።

እሷ በሩን ትከፍትልሃለች። አውቃታለሁ፤ «በላህ ወይ?» ነው የምትልህ። ያን ጊዜ ምን እንደሚሰማህ እንጃ።

ይህን ደብዳቤ ወደ ቤትህ ልልከው ፖስታው ላይ የስሎተርቫርትን አድራሻ ጽፌ ጨርሼ ነበር። ከዚያ አባትህ ደብዳቤ ሁሉ ከፍተው እንደሚያነቡ ትዝ አለኝ። ፖስታውን ቀድጄ፣ ሌላ ገዝቼ፣ የስቱዲዮህን አድራሻ ጻፍኩበት፤ «በግል» የሚልም ጨመርኩበት። ላንተ ብዬ እንዳይመስልህ። የእናቴ ልጅ ስለሆንኩ ነው።

ሊባኖስ
ዴልፍስሃቨን፣ ሮተርዳም