ፓራውልቱን የገጨሁት እኔ ነኝ

ልጄ፣ እስክሪብቶውን የያዘችው ታናሽ እህትህ ናት፤ ቃሉ ግን የእኔ ነው። ጤና ይስጥህ፣ በሄድክበት ሰው አያሳጣህ። እናትህ ደህና ናት፤ ጉልበቷም ተሽሏታል።

የመኪናህ የፊት ፓራውልት ተጠግኖ ተቀብቷል። በስልክ «እህትህ ናት የገጨችው» ያልኩህ ግን ውሸት ነው። ከግቢያችን በር ምሰሶ ጋር ያላተምኩት እኔ ነኝ። ሠላሳ ዓመት ከባድ መኪና የነዳሁ ሰው ይህን መናገር አቃተኝ። አንተ ስትቆጣት፣ ቁልፉንም ስትከለክላት፣ አጠገቤ ቆማ ጥፋቱን በራሷ ላይ ወሰደችልኝ።

ጋራዥ ስንሄድም ያንኑ ውሸት ደገምኩ፤ የተጋጨ መኪና የሚያቃናው ባትላሜራ መሪው ጋ ተቀመጠና ሳቀ። «አባባ፣ ወንበሩ እዚህ ድረስ ወደ ኋላ ተገፍቶ ይቺ አጭር ልጅ ፍሬኑን በምኗ ነው የምትረግጠው?» አለኝ።

«ተንጠራርቼ ነዋ!» ብላ ሸፈነችልኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

የእኔን ይቅርታ በገዛ እጇ እያስጻፍኳት ነው፤ ያንተ ይቀራል። እባክህ ደውልላት፤ ቁልፉንም በአፍህ ስጣት። እግዜር ያክብርህ፣ ዕድሜህን ያርዝመው።

በይ ልጄ፣ አሁን አንብቢልኝ። «ውሸት» ያልኩትን «ስህተት» ብለሽ ጽፈሽ ከሆነ ሰርዘሽ አስተካክዪው።