ሜትሩን የያዝኩት እኔ ነኝ

ይድረስ ለወንድምዓለም ጋሮማ፤ ጁባ።

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናህን እጠይቃለሁ። ወባው ለቀቀህ? እንቅልፍስ ትተኛለህ? ያንን ቀጭን ሰውነትህን ሙቀቱ ጨርሶ እንዳያቀልጠው እማዬ በየቀኑ ትጨነቃለች። እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። ላሟ ወልዳለች፤ የእማዬም ጉልበት ብርድ ሲጠና ይጠዘጥዛታል እንጂ ትንቀሳቀሳለች። እኔ ግን ሰላም የለኝም። በስልክ እንዳልነግርህ ገና ስጀምር በቀልድ ታስቀይሰኛለህ። ስለዚህ ለንግድ ወደዚያ በሚመጣው በኡዘይር እጅ ይህን ላክሁልህ።

ለምክር ቤት በግሌ መወዳደሬን ሰምተሃል። ምልክቴ ጃንጥላ ነው፤ ክረምት ሲቃረብ ሰው ያስታውሰኛል ብዬ። ነገሩ ደህና ሲሄድ ቆይቶ ባለፈው ሳምንት አንድ ፎቶ በቴሌግራም ተለቀቀ። የዛሬ አሥራ ሦስት ዓመት፣ የቀበሌ ሥራ አስኪያጅ ሳለህ የኦቦ ዲሪርሳን የሣር መሬት ለመጋዘን ሊወሰድ ስታስለካ የተነሳነው ነው። አንተ መዝገብ ይዘሃል፤ እኔ የአሥራ ሰባት ዓመቷ ጥርሴን ገልጬ የሜትሩን ጫፍ ይዣለሁ። ከሥሩ «መሬታችሁን የለካችው ልትወክላችሁ መጣች» የሚል ተጽፎበታል።

ሰለሞን የሚባለው ተፎካካሪዬም ከአንድ የታሰረ የመሬት ደላላ ጋር ሠርግ ላይ ሲጨፍር የሚያሳይ ፎቶ ወጥቶበት ነበር። መጀመሪያ በኮምፒውተር የተቀናበረ ነው አለ። የሠርጉ ቪዲዮ ሲመጣ ደግሞ «እናንተስ እዚያው ስትበሉ አልነበረም ወይ?» ብሎ ሕዝቡን ተቆጣ። እንዴት እንደሳቅሁበት። ሳቄን ሳልጨርስ ተራዬ ደረሰ።

ቅስቀሳዬን የምትመራው ሬሐና፣ ባለ ጨርቅ ሱቋ ጓደኛዬ፣ «ራስሽን ለዪ፤ ተቆራርጠናል በይና ተገላገይው» አለችኝ። ቅዳሜ በቀበሌው አዳራሽ አንድ ሰው ስለ ፎቶው ሲጠይቀኝ ማይክሮፎኑን ጨበጥኩና «ጋሮማን ወንድሜ ብዬ ከጠራሁት ዓመታት አልፈዋል፤ አላውቀውም» አልኩ። ተጨበጨበልኝ። ከዚያ ወዲህ ቁጭ ብድግ እላለሁ፤ በር ከፍቼ እዘጋለሁ። እማዬ ምግብ ታቀርብልኛለች እንጂ አታናግረኝም።

እሑድ ጠዋት ኦቦ ዲሪርሳ ራሳቸው ቤት መጡ። ዛሬ በዚያ መሬታቸው ላይ በተሠራ መጋዘን በር ላይ ዘበኛ ናቸው። ሊረግሙኝ መስሎኝ ነበር። «አካም ጂርታ» ብለው በኦሮምኛ ደህንነቴን ጠይቀው አጥር ሥር ቆሙ፤ ይግቡ ብላቸው እምቢ አሉ። «መሬቴን ወንድምሽ መውሰዱን አልረሳሁም። ሜትር መያዝሽንም አልረሳሁም፤ ጠምቶሽ ወተት የሰጠሁሽ እኔ ነኝ። ግን የእናቷን ልጅ በማይክሮፎን የካደች እኔን ለመካድ ምን ያቅታታል?» አሉኝ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ሆነብኝ።

ግንቦት 15 በዚያው አዳራሽ ሌላ ስብሰባ አለ። «ወንድሜ ነው፤ መሬቱ እንዲወሰድ ፈርሟል፤ ሜትሩን የያዝኩት እኔ ነኝ» ልል ነው። ሬሐና ወንበሩን እርሺው ትላለች። ቢቀርብኝ ያመኛል፤ አልዋሽህም፣ በጣም እፈልገዋለሁ። አንተንም ሳላስፈቅድ አደባባይ ላወጣህ ነው፤ ይቅር በለኝ። ከዚያ በላይ ግን ስለ መካዴ ይቅር በለኝ።

አንድ ነገር ከዚያ ቀን በፊት ደውለህ ንገረኝ። ያን ዕለት ሣሩ ላይ ተቀምጠን ወተታቸውን ስንጠጣ፣ ምትክ መሬት እንደማይሰጣቸው ታውቅ ነበር? አውቅ ነበር ብትለኝም ወንድሜ ነህ እላለሁ። ሳላውቅ ግን እርሳቸው ፊት መቆም አልችልም።

እማዬ «ይብላ፣ ራሱን ይጠብቅ» ብላሃለች፤ ያለችው ለኡዘይር ነው እንጂ ለእኔ አይደለም። ታናሻችን ኤቢሴ ለፈተና እያጠናች ነው፤ «ጉንጩን ስሜዋለሁ በይው» ብላኛለች። ሬሐናም ከነኩርፊያዋ ሰላም ትልሃለች። ኦቦ ዲሪርሳ ሰላምታ አልላኩልህም። ከአጥሩ ዞር ሲሉ ግን «ልጁ ለመሆኑ ደህና ነው?» ብለው ጠይቀዋል።

እህትህ ጠጅቱ
ሱሉልታ፣ ግንቦት 6 ቀን 2018 ዓ.ም.