ከቃለ ጉባኤው የቀረው ቃል

ጥቅምት 12 ቀን 1971 ዓ.ም.፣ ናዝሬት

ዛሬ ሚካኤል ነበር፤ ሳልሳለም ቀረሁ። ከጠዋት ጀምሮ በቀበሌው ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ስይዝ ዋልኩ። ጉዳዩ የባቡር ጣቢያው ተሸካሚ የፈይሳ ነው። አንድ ጆንያ ጤፍ ሰርቆ ተይዟል። ሊቀመንበሩ፣ ለሌላው መቀጣጫ እንዲሆን በሞት ይቀጣ ብለን ለበላይ እንጻፍ አለ።

ወንጀልን ሊያጠና ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ ምሁር እጁን አወጣ። "ስንት ዓመት እስረኞችን ስጠይቅ ኖሬአለሁ። ሲሰርቅ ቅጣቱን ያሰበ አንድም አላገኘሁም። ሁሉም የሚያስበው አልያዝም ብሎ ነው። ይህን ሰው ብትገድሉት ሌብነቱ አይቀንስም" አለ።

"እሰይ፣ ሌባም ጠበቃ አገኘ!" አለች አንዷ። አዳራሹ ሁሉ አውካካ።

"ጓድ፣ ያንተን ቤት ሲሰብሩት ቁጭ ብለህ ታጠናቸዋለህ?" አለው ሊቀመንበሩ። ወደ እኔ ዞሮም "ጋሼ ተሰማ፣ ይህን እንዳይጽፉት" አለኝ።

አልጻፍኩትም። ሰው ሁሉ ለሞት ቅጣቱ እጁን ሲያወጣ እኔ ብዕር ይዣለሁ ብዬ አላወጣሁም። ግን "በሙሉ ድምፅ" ብዬ የጻፍኩት በዚያው እጄ ነው። ባለቤቴን፣ ነፍሷን ይማርና፣ ሕመሙ በጠናባት ለት ሐኪም ቤት በጀርባው አዝሎ ያደረሳት ፈይሳ ነበር።

ስንወጣ ምሁሩ ጠጋ ብሎ "አባቴ፣ ቃሌን መዘገቡት?" አለኝ።

"መዝግቤዋለሁ" አልኩት።

ውሸቴ እውነት እንዲሆን ይኸው ቃሉን አንድ በአንድ እዚህ ጻፍኩት። ግን ይህን ደብተር ለፈይሳ ብሎ ማን ያነበዋል?