ዶሮ ነው፣ በሞቴ

ማክሰኞ

ሰናይት ሆስፒታል ናት። ዶክተሩ «ትተርፋለች» አለ፤ ግን እስከ ነገ እናያታለን ብለው አስቀሯት። እኔን ወደ ቤትሽ ሂጂ አሉኝ። ገብቼ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ተቀምጫለሁ።

ዛሬ ሁለታችንም ከሥራ ነፃ ነበርን። ሰናይት በዲቪ ከመጣች ስምንት ወሯ ነው፤ ፌርፋክስ መንገድ ላይ ካሉት የእኛ ምግብ ቤቶች ውጭ በልታ አታውቅም። እዚህ አሥራ አንድ ዓመት የኖርኩት እኔ አዋቂዋ፣ ለምሳ ፒኮ መንገድ ላይ ወዳለች ትንሽ የቬትናም ምግብ ቤት ወሰድኳት። አምስት ጠረጴዛ ብቻ ናት፤ ባለቤቷ አሮጊት ራሳቸው ያስተናግዳሉ።

ገና ሜኑውን ስታይ «የባህር ነገር አይስማማኝም» አለችኝ። ሳቅኩባት። ሽሪምፕ ትል ይመስላል ብሎ የማይሸሽ ሐበሻ የት አለ? እኔም ሁለት ዓመት ሸሽቼዋለሁ። ሴትየዋ አለርጂ ያለው አለ ወይ ብለው ሲጠይቁ፣ እንግሊዝኛው የኔ ነውና ፈጥኜ «ኖ አለርጂ» አልኩ።

ከሾርባው ጋር ቢጫ፣ እንደ ቂጣ የተጠበሰ ነገር መጣ። ውስጡ ሽሪምፕ አለበት። እየቆረሱ በሰላጣ ቅጠል ጠቅልሎ በእጅ ነው የሚበላው። በእጅ መሆኑ ጎዳኝ፤ ማጉረስ አማረኝ! ጠቅለል አድርጌ ወደ አፏ ዘረጋሁ።

«ምንድነው?» አለች።

«ዶሮ ነው።»

አፏን በእጇ ሸፈነች። «በሞቴ» አልኳት። በሞቴ ተብሎ ማን እምቢ ይላል? ጎረሰች። በኋላ ነግሬያት ልንስቅ ነበር ሐሳቤ።

አምስት ደቂቃ አልሞላም። ከንፈሯን አከከች፤ ፊቷ አበጠ፤ ድምፅዋ ጠፋ። ጉሮሮዋን ይዛ አየችኝ። አምቡላንስ የጠሩት ሴትየዋ ናቸው። እኔ ስሟን ከመጥራት በቀር ምንም አላደረግኩም።

ሐኪሞቹ ምን በላች ሲሉኝ «ሽሪምፕ» ብያለሁ። እሱን አልደበቅኩም። ማን እንዳጎረሳት ግን የጠየቀኝ የለም፤ እኔም አልተናገርኩም።

ረቡዕ

ፒኮ ሮበርትሰን ሰፈር ከሰናይት ጋር በፈረቃ ለምንከባከባቸው አሮጊት ምሳ ሳቀርብ፣ የብስኩቱ ካርቶን ላይ የተጻፈውን ሦስቴ አነበብኩ። ለእሳቸው ምንም አይከለከልም። ቢሆንም አነበብኩ።

ሰናይት ከሆስፒታል ወጣች። ዌስት አዳምስ ድረስ ያደረስኳት እኔ ነኝ፤ እዚያ ከአጎቷ ልጅ ከዮናስ ጋር ነው የምትኖረው። ድምፅዋ ገና ሻካራ ነው። መኪና ውስጥ «አንቺንም ዶሮ ነው ብለው ሸወዱሽ አይደል?» አለችኝ።

ራሴን ነቀነቅኩ። አፌን ሳልከፍት ዋሸሁ።

ሐሙስ

ዮናስ ደወለ። «ምግብ ቤቱን የሚከስልን ሎየር አግኝቻለሁ። አንቺ ዊትነስ ነሽ፤ ሰኞ ያየሽውን ስቴትመንት ትሰጫለሽ፣ ኦኬ?»

«ኦኬ» አልኩ። እኔ ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ከሥራ ስመለስ በዚያው በፒኮ አለፍኩ። ቀይ መብራት ያዘኝ። ሴትየዋ በር ላይ ቆመው ነበርና ለዩኝ፤ ሽርጣቸውን እንዳደረጉ እስከ መኪናዬ መጡ። ጓደኛሽ ደህና ናት ወይ ብለው ጠየቁ። ደህና ናት ስላቸው ሁለት እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። ሰኞ የምመሰክረው እኚህ ላይ ነው።

የምፈራውን ልጻፈው፦
ብናገር ሰናይትን አጣለሁ።
ዝም ብል ሴትየዋ ምግብ ቤታቸውን ይዘጋሉ።
ወሬው ቸርች ይደርሳል።
ሞታ ቢሆን ኖሮስ?

ዓርብ

ነገርኳት። ከቤታቸው ደረጃ ሁለቴ ተመልሼ ነበር። ዮናስም ተቀምጦ ይሰማ ነበር። አለርጂ የለም ያልኩት እኔ ነኝ፤ ሽሪምፕ መሆኑንም አውቅ ነበር፤ ሥልጣኔ ላስተምርሽ ብዬ ነው፤ አልኳት። ተንተባተብኩ።

ሰናይት አልጮኸችም። ብትጮኽብኝ ይሻለኝ ነበር።

«በሞቴ ብለሽኝ?» አለች። ወደ ክፍሏ ገባች። ዮናስ ተነሥቶ በሩን ከፈተልኝ።

ቅዳሜ

ከዮናስ ቴክስት መጣ፦ «ሎየሩን ካንስል አድርገነዋል።» ሰላምታም የለው። ለሴትየዋ እፎይ አልኩ። ለራሴ ግን እህል አልወርድልኝ አለ። ስልኬን ትራስ ሥር አድርጌ ዋልኩ።

እሑድ

ቸርች አልመጣችም። የምትቀመጥበትን ወንበር እያየሁ ስብከቱ አለፈኝ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። «የሚበላ ነገር ሠርተሽ ነይ» ብላ ዘጋችው። ደነገጥኩ። ምን ልሥራ? ድስቱን ሁለቴ አጠብኩ። ሩዝ፣ ዶሮ፣ ጨው። በርበሬ እንኳ ፈራሁ።

ቤታቸው ስደርስ ዮናስ ሥራ ሄዷል። ጠረጴዛው ላይ እንደ እስክሪብቶ ያሉ ሁለት መርፌዎች አሉ፤ ሆስፒታል የሰጧት፣ አለርጂው ሲነሣባት ጭኗ ላይ የምትወጋቸው ናቸው። ሳህኑን አቀረብኩላት። አልነካችውም።

«አጉርሺኝ» አለች።

«አልችልም፣ ሰኒ።»

«አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባል የለ? ያንዱን አየነው» አለች። አልሳቀችም።

ጠቀለልኩ። ሩዙ ከጣቴ ይንጠባጠባል።

«ምንድነው?» አለች ዓይኔን እያየች።

«ዶሮ ነው» አልኩ። «በሞቴ» ግን አላልኩም።

ጎረሰች። ከንፈሯ ላይ አፍጥጬ ቀረሁ። አምስት ደቂቃ። አሥር ደቂቃ። ምንም የለም። ማልቀስ ስጀምር ሶፍት አቀበለችኝ። ይቅር ብዬሻለሁ አላለችም፤ እኔም ለመጠየቅ ፈራሁ።

ልወጣ ስል ከመርፌዎቹ አንዱን አንሥታ እጄ ላይ አስቀመጠች። «ይሄኛው ካንቺ ጋር ይሁን» አለች።

ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ይህን እየጻፍኩ ሦስቴ ከፍቼ አየሁት።